የቆሽት ካንሰር እንዴት ይዛመታል? የጂኖች ቁጥጥርና የካንሰር ግንድ ሕዋሳት

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአካል ክፍል ነው። ምግብ የሚያልሙ ኢንዛይሞችን ወደ ትንሹ አንጀት፣ ኢንሱሊንን ደግሞ ወደ ደም ይልካል። ሆድ ውስጥ በጥልቀት ስለሚገኝ እዚያ የበቀለን ዕጢ በእጅ ዳስሶ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሕመሙም ሲጀምር የጨጓራ ወይም የወገብ ይመስላል። ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ወይም ሰውነታቸው ያለ ምክንያት ሲከሳ ነው። በዚያን ጊዜ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በሽታው ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን ተዛምቶባቸው ይገኛል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው የሚችለው ከአምስት ሰዎች አንዱ ቢሆን ነው፤ ከእነዚህም በአብዛኞቹ ላይ በሽታው ይመለሳል። በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ 510 ሺህ ገደማ ሰዎች የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ሲታወቅ፣ በዚያው ዓመት 467 ሺህ ገደማ ሰዎች ሞተውበታል። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ የበሽታውን ጠባይ ለመረዳት ይበቃል።

ይህ ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ለቆ ወደ ሌላ አካል የሚሄደው ምን አግኝቶ ነው? የመጀመሪያው ግምት ቀላል ነበር። ካንሰር የሚጀምረው በዲኤንኤ ላይ በሚደርስ ለውጥ፣ በሚውቴሽን ነው፤ እንግዲያው ለመዛመትም የራሱ የሆነ ሌላ ሚውቴሽን ያስፈልገዋል ተባለ። ተመራማሪዎች ያንን ሚውቴሽን ዓመታት ፈለጉት፤ አልተገኘም። በፍለጋው መሀል የተገኘው ነገር ግን ከተፈለገው የሚበልጥ ይመስለኛል።

ያልተገኘው ሚውቴሽን

እዚህ የምናወራው ከቆሽት ካንሰሮች 90 በመቶ ያህሉን ስለሚይዘው፣ የቆሽት ቱቦዎችን ሕዋሳት ስለሚመስለው አደኖካርሲኖማ ነው። (የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ የነበረበት ሌላ ዓይነት ነው፤ ከሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት የሚነሣና በአብዛኛው ዝግ ብሎ የሚያድግ። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።)

የአደኖካርሲኖማው የጂን ታሪክ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት ዕጢዎች ውስጥ ኬራስ የተባለው ጂን ተለውጦ ይገኛል። የኬራስ ፕሮቲን ጤነኛ ሲሆን ለሕዋሱ የመራባት ምልክት ሲመጣለት ይነቃል፣ ምልክቱ ሲያበቃ ይተኛል። ሚውቴሽኑ ከደረሰበት በኋላ መተኛት ያቅተዋል። ለውጡ ብዙ ጊዜ የአንዲት ፊደል ስሕተት ነው፦ በፕሮቲኑ 12ኛ ቦታ ላይ መኖር የነበረበት ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በአስፓርቲክ አሲድ ወይም በቫሊን ይተካል። ከዚያ መራባትን የሚያስቆመው ሲዲኬኤን2ኤ ይጠፋል፤ የተጎዱ ሕዋሳት እንዲሞቱ የሚያደርገው ቲፒ53 ይበላሻል፤ በግማሽ ያህሉ ዕጢዎች ደግሞ ስማድ4 የተባለው ጂን አብሮ ይጠፋል።

በ2010 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ ከሞቱ ሰባት ሰዎች አስከሬን የዋናውን ዕጢና የተዛመቱትን ዕጢዎች ዲኤንኤ ወስደው አነጻጸሩ። ሚውቴሽኖች በጊዜ ብዛት እየተጠራቀሙ ስለሚሄዱ፣ ቆጥሮ ዕድሜ መገመት ይቻላል። ግምታቸው እንዲህ ነበር፦ ከመጀመሪያው ሚውቴሽን እስከ መጀመሪያዋ የካንሰር ሕዋስ ቢያንስ አሥር ዓመት፤ ከእርሷ ዘሮች መካከል መዛመት የሚችል እስኪገኝ ቢያንስ ሌላ አምስት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ታማሚው በአማካይ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሞታል። በሽታው ድንገተኛ የሚመስለው የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ስለምናየው ነው።

ከዚህ ሥራና እርሱን ተከትለው ከመጡት የወጣው ሌላው ነገር ለርእሳችን ይበልጥ ይጠቅማል። ጉበት ላይ የተገኘው ዕጢና ቆሽት ላይ ያለው ዕጢ ዋና ዋና ሚውቴሽኖቻቸው አንድ ናቸው። በታማሚው ሁሉ እየተደጋገመ የሚታይ፣ ለመዛመት ብቻ የሚያገለግል ሚውቴሽን የለም። ወደዚያ የሚጠጋው ስማድ4 ነው፤ በ2009 የወጣ የአስከሬን ጥናት ስማድ4ን ያጡ ዕጢዎች ወደ ብዙ ቦታ የመዛመት፣ ያላጡት ደግሞ በተነሡበት አካባቢ የመቅረት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል። ቢሆንም ይህ ዝንባሌ ብቻ ነው፤ ስማድ4 እያለው የሚዛመት ዕጢም አለ።

እንግዲህ ዲኤንኤው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሕዋስ ቆሽት ውስጥ ተቀምጦ ሌላው ጉበት ውስጥ ገብቶ የሚያድግ ከሆነ፣ ልዩነቱን ከጂኖቹ አሠራር መፈለግ ይኖርብናል።

ጂን መኖሩና ጂን መሥራቱ

የጉበት ሕዋስና የነርቭ ሕዋስ የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። ሁለቱም ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች አሏቸው። የሚለያዩት ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ እንደሚሠሩ፣ ምን ያህል እንደሚሠሩና መቼ እንደሚሠሩ ነው። የጂኖች ቁጥጥር የምንለው ይህንን ነው።

ቁጥጥሩ በየደረጃው ይካሄዳል። ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝመው የአንድ ሕዋስ ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል። ጥምጥሙ በጠበቀበት ቦታ ያለ ጂን አይነበብም፤ በላላበት ይነበባል። ሕዋሱ ይህን የሚወስነው በሂስቶኖቹ ጭራ ላይ ትናንሽ ኬሚካሎችን በመለጠፍና በመንቀል ነው። የአሲቲል ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ያላላል፤ ሜቲል እንደሚለጠፍበት ቦታ ወይ ያጠብቃል ወይ ይከፍታል። በዲኤንኤው ላይ በቀጥታ የሚለጠፍ ሜቲልም አለ፤ በጂን መነሻ ላይ ሲበዛ ያንን ጂን ዝም ያሰኘዋል። ከዚህ በላይ የጽሕፈት ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ የተወሰነ የዲኤንኤ ቦታ እየለዩ ይይዙና ጂን እንዲነበብ ወይም እንዳይነበብ ያደርጋሉ። የሚይዙት ቦታ አንዳንዴ ከጂኑ እጅግ የራቀ ሲሆን እንዲህ ያለው ቦታ ኤንሃንሰር ይባላል። ጂኑ ተነቦ መልእክተኛው አርኤንኤ ከወጣ በኋላም ነገሩ አላለቀም፦ ማይክሮ አርኤንኤ የተባሉ አጫጭር ቁራጮች መልእክቱ ላይ ተጣብቀው ፕሮቲን ሳይሠራበት ሊያስቀሩት ይችላሉ። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን የ2024ን የኖቤል ሽልማት ያገኙት እነዚህን በማግኘታቸው ነው።

ይህ ሁሉ የዲኤንኤውን ፊደል አይለውጥም። ሆኖም ሕዋሱ ሲከፈል ልጥፎቹ ወደ ልጆቹ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ በዚህ ሚውቴሽንን ይመስላሉ። ከሚውቴሽን የሚለዩት ሊነቀሉ መቻላቸው ነው። ቁጥጥር ብቻውን ምን ያህል ኃይል እንዳለው በ2006 ሺንያ ያማናካ አሳይቷል፤ አራት የጽሕፈት ፋክተሮችን ብቻ በአይጥ የቆዳ ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ ወደ ፅንስ መሰል ግንድ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ማንኛውም ዓይነት ሕዋስ ማደግ ወደሚችል ሕዋስ፣ መለሰው። ከአራቱ አንዱ፣ ሚክ የተባለው፣ በካንሰር ጥናት የታወቀ የካንሰር አፋፋሚ ጂን ነው። ሶክስ2 የሚባለውም በኋላ በቆሽት ካንሰር ውስጥ ይመጣል።

ወደ ቆሽት ስንመለስ፣ በ2017 የወጡ ሁለት ጥናቶች ጉዳዩን ግልጽ አደረጉት። አንደኛው ከየታማሚው የተወሰዱ ዋና ዕጢዎችንና የተዛመቱ ዕጢዎችን አነጻጽሮ፣ እንደ ጉበትና ሳንባ ባሉ ሩቅ ቦታዎች ባደጉት ውስጥ የሂስቶንና የዲኤንኤ ልጥፎች በሰፋፊ የጂኖም ክልሎች ላይ ተገለባብጠው አገኘ፤ ሚውቴሽኖቹ ግን ያው ነበሩ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ለውጡ ከስኳር አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ነበር፤ ሩቅ ቦታ ያሉት ሕዋሳት ግሉኮስን ፔንቶስ ፎስፌት በሚባለው መንገድ በብዛት ያሳልፋሉ። ይህን መንገድ በኬሚካል ሲዘጉባቸው የሂስቶን ልጥፎቹ ወደ ቀድሞ መልካቸው ማዘንበል ጀመሩ፣ ዕጢ የመፍጠር ችሎታቸውም ቀነሰ። ሕዋሱ የሚበላውና ጂኖቹን የሚያነብበት ሁኔታ የተያያዙ መሆናቸውን ያሳያል።

ሁለተኛው ጥናት የተሠራው በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ከአይጦች ዕጢ የወጡ ሕዋሳትን በሦስት ጎን ሊያድጉ በሚችሉበት ጄል ውስጥ አሳድጎ ኤንሃንሰሮቻቸውን አየ። ከተዛመተው ዕጢ የመጡት ሕዋሳት ፎክስኤ1 በተባለ የጽሕፈት ፋክተር አማካይነት ብዙ አዳዲስ ኤንሃንሰሮችን ከፍተው ነበር። የከፈቱት ፅንስ ሆድ ዕቃውን በሚሠራበት ጊዜ የሚሠሩትን ነው። አዋቂው የቆሽት ሕዋስ ወደ ልጅነቱ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ጥቂቶቹ ሕዋሳት

በዕጢ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እኩል አይደሉም የሚለው ሐሳብ ከደም ካንሰር የመጣ ነው። በ1990ዎቹ በቶሮንቶ ጆን ዲክና ባልደረቦቹ አብዛኞቹ የደም ካንሰር ሕዋሳት በአይጥ ውስጥ በሽታውን እንደገና መፍጠር እንደማይችሉ፣ ጥቂቶቹ ግን እንደሚችሉ አሳዩ። እነዚህ ጥቂቶች የካንሰር ግንድ ሕዋስ ተባሉ፤ ሁለት ባሕርይ አላቸው። ራሳቸውን የመሰለ ሕዋስ ይተካሉ፤ ከራሳቸው የተለዩትን የዕጢውን ሌሎች ሕዋሳትም ይወልዳሉ። (በማስታወቂያ «የግንድ ሕዋስ ሕክምና» ከሚባለው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ እርሱ ጤነኛ ሕዋስን የመስጠት ሐሳብ ነው።)

ይህ ሐሳብ ወደ ቆሽት የመጣው በ2007 ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰው የቆሽት ዕጢ ሕዋሳትን በላያቸው ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ለይተው ለያዩአቸው። ሲዲ44፣ ሲዲ24 እና ኢኤስኤ የተባሉትን ሦስቱንም የያዙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ከ0.2 እስከ 0.8 በመቶ ናቸው። ከእነዚህ መቶ ሕዋሳትን ብቻ በአይጥ ውስጥ ሲያስገቡ ከአይጦቹ ግማሽ ያህሉ ዕጢ አበቀሉ፤ የበቀለውም ዕጢ እንደ መጀመሪያው ሁሉ የተቀላቀሉ ሕዋሳት ነበሩበት። ምልክቶቹን ያልያዙት ሕዋሳት በብዙ እጥፍ ተጨምረው እንኳ ይህን አላደረጉም።

በዚያው ዓመት በጀርመን የሚሠራ ሌላ ቡድን ሲዲ133 በተባለ ምልክት ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ አንድ የሚያስገርም ነገርም ጨመረ። ሲዲ133 ካላቸው መካከል ዕጢው ወደ ጤነኛው ክፍል በሚገፋበት ጠርዝ ላይ ያሉት ሲኤክስሲአር4 የተባለ ተቀባይ ፕሮቲንም ነበራቸው። እነዚህን ከዕጢው ሲያወጡአቸው የቀሩት ግንድ ሕዋሳት ዕጢ ማብቀላቸውን አልተዉም፤ መዛመት ግን አቆሙ። ሲኤክስሲአር4 እንደ ጉበትና ሳንባ ያሉ አካላት በሚያመነጩት የኬሚካል ምልክት የሚሳብ ነው። ስለዚህ ዕጢ የማብቀልና ርቆ የመሄድ ችሎታ አንድ ነገር አይደሉም። ጄምሲታቢን የተባለው የተለመደው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሲሰጥም ሌሎቹ ሕዋሳት ሲሞቱ ሲዲ133 ያላቸው በድርሻ በዙ።

ከዚህ የወጣው ሐሳብ ለሰሚው ይማርካል፦ ኬሞቴራፒ የአረሙን ቅጠል ይቆርጣል፣ ሥሩ ግን ይቀራል፤ ሥሩን የሚነቅል መድኃኒት ከተገኘ በሽታው ያበቃል። ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት በዚህ ሐሳብ ላይ ፈስሷል። ችግሩ በቆሽት ካንሰር ውስጥ ቅጠሉ ራሱ ሥር መሆን መቻሉ ነው። ግንድ ያልሆነው ሕዋስ በሚውቴሽን ሳይሆን ጂኖቹ የሚነበቡበት ሁኔታ በመቀየሩ ብቻ ግንድ ይሆናል፤ ከዚያም ተመልሶ ይወጣበታል። እንዲህ ከሆነ «የካንሰር ግንድ ሕዋስ» የሚለው ስያሜ ሕዋሱ የሚገባበትና የሚወጣበት ሁኔታ ስም ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዜብ1 እና ሚር-200

ወደዚያ ሁኔታ መግቢያና መውጫውን በቅርበት ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ዜብ1 የተባለው የጽሕፈት ፋክተርና ሚር-200 የተባለው የማይክሮ አርኤንኤ ቤተሰብ የሚያደርጉት ግጭት ነው።

የቆሽት ቱቦ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተያይዘው ነው የሚኖሩት። የሚያያይዛቸው ኢ-ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። ዜብ1 ሲበዛ የኢ-ካድሄሪንን ጂን ይይዝና ያዘጋዋል፤ ሕዋሱ ከጎረቤቱ ይላቀቃል፣ ይረዝማል፣ ይንቀሳቀሳል። ሚር-200 በበኩሉ የዜብ1ን መልእክተኛ አርኤንኤ ስለሚያስቀር ዜብ1 እንዳይሠራ ይከለክላል። ዜብ1 ደግሞ የሚር-200ን ጂኖች ያዘጋል። አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት እንዲህ ያለ ግንኙነት መሀል ላይ ብዙ አይቆይም፤ በትንሽ ግፊት ወደ አንዱ ወገን ይወድቃል፣ ከወደቀ በኋላ ግፊቱ ቢቀር እንኳ እዚያው ይረጋል።

በ2009 በጀርመን የፍራይቡርግ ተመራማሪዎች ከዚህ አልፈው ሄዱ። ሚር-200 ከዜብ1 ሌላ እንደ ሶክስ2 እና ቢኤምአይ1 ያሉ ሕዋስን በግንድነት የሚያቆዩ ጂኖችንም ያስቀራል። ስለዚህ ዜብ1 ሲያሸንፍ ሕዋሱ መንቀሳቀስና ግንድ መሆን የሚችለው በአንድ ጊዜ ነው፤ መድኃኒትንም ይቋቋማል። ተመራማሪዎቹ ዜብ1ን ሲያጠፉት ሦስቱም ቀነሱ። እኔ በዚህ ርእስ ላይ ካነበብኳቸው ሁሉ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደረገልኝ ይህ ነው፤ መዛመት፣ ዕጢ ማብቀልና መድኃኒትን መቋቋም ለምን ተያይዘው እንደሚታዩ በአንድ ግንኙነት ያስረዳል።

ወደ ዜብ1 ወገን የሚገፋው ምንድን ነው? በአብዛኛው ከሕዋሱ ውጭ ያለ ነገር። የቆሽት ዕጢ አብዛኛው ክፍሉ የካንሰር ሕዋስ አይደለም፤ ጠባሳ የመሰለ ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ ነው። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለውን ምልክት ያመነጫሉ፤ የደም ሥሮቹ ስለሚጨመቁ ኦክስጅን ያንሳል። ሁለቱም ዜብ1ንና ዘመዶቹን ያነቃሉ። ኢዜድኤች2 የተባለ ኢንዛይም ደግሞ በሂስቶን ላይ ሜቲል እየለጠፈ የተለመዱትን የቱቦ ሕዋስ ጂኖች ዝም ያሰኛል።

ሁሉም ተመራማሪ በዚህ አልተስማማም። በ2015 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ስኔይልንና ትዊስትን፣ የዜብ1ን ሁለት የሥራ ባልደረቦች፣ ቢያጠፋም ዕጢዎቹ መዛመታቸውን አልተዉም፤ የተሻሻለው ለጄምሲታቢን ያላቸው ምላሽ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዜብ1ን ራሱን ያጠፉት ሌሎች ተመራማሪዎች ግን መዛመቱ በጣም መቀነሱን ዘገቡ። የእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጋጩም ነው፤ አንዱን ፋክተር ሲያጡ ሕዋሳቱ በሌላው ይሄዳሉ፣ ዜብ1 ግን በቀላሉ የሚተካ አይመስልም። በ2018 የወጡ ሥራዎች ደግሞ ብዙ ሕዋሳት ሙሉ በሙሉ እንደማይላቀቁ አሳይተዋል። ኢ-ካድሄሪንን ከገጻቸው ወደ ውስጥ ስበው ያስቀምጡትና በቡድን ተያይዘው ይጓዛሉ። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ጉበት ውስጥ ሥር ለመስደድ ኢ-ካድሄሪን ተመልሶ መውጣት አለበት። በአይጦች ላይ እንደታየው ኢ-ካድሄሪንን ፈጽሞ ያጡት ሕዋሳት ሳንባ ላይ ያድጋሉ፤ ጉበት ላይ ግን አይሆንላቸውም። በየትኛው ሁኔታ እንዳሉ የሚወስነው መድረስ መቻላቸውን ብቻ አይደለም፤ የት እንደሚቀመጡም ይወስናል።

ከዕጢው በፊት የሚሄዱ

በ2012 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የአይጥ ሙከራ የብዙ ሰውን እምነት አናወጠ። ተመራማሪዎቹ የአይጦቹን የቆሽት ሕዋሳት በሚያበራ ቀለም ምልክት አደረጉባቸውና ከቆሽት የወጣች እያንዳንዷን ሕዋስ የት እንደደረሰች ተከታተሉ። ምልክት ያላቸው ሕዋሳት በደም ውስጥና በጉበት ውስጥ ተገኙ፤ በዚያን ጊዜ ቆሽቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰር አልነበረውም፣ ከካንሰር በፊት የሚመጣው ቅድመ ደረጃ ብቻ እንጂ። ከእነዚህ ተጓዦች ብዙዎቹ ከጎረቤቶቻቸው ተላቅቀው የግንድ ሕዋስ ምልክቶችን ይዘው ነበር። ቆሽቱ እንዲቆጣ (ብግነት እንዲነሣበት) ሲደረግ ቁጥራቸው ጨመረ፤ ቁጣን የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን ሲሰጥ ቀነሰ።

ይህ ከ2010ሩ ግምት ጋር አይጋጭም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ትክክል ነው። ከቦታ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ በደረሱበት ማደግ ሌላ። አብዛኞቹ ተጓዦች ይሞታሉ ወይም ተኝተው ይቀራሉ። ነገር ግን ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ከነ ዳርቻው አጽድቶ ካወጣ በኋላ በሽታው ለምን በጉበት ላይ እንደሚመለስ ይህ ቢያንስ በከፊል ያስረዳል።

የቆሽት ቁጣ ነገር ደግሞ ብቻውን የሚታይ ነው። ኢንዛይም አመንጪዎቹ የቆሽት ሕዋሳት ሲጎዱ የራሳቸውን ጂኖች ለጊዜው ዘግተው ቱቦ ሕዋስ ይመስላሉ፤ ቁስሉ ሲሽር ይመለሳሉ። ይህ መከላከያ ነው። ኬራስ ተለውጦ ከሆነ ግን መመለሻው ይዘጋል። በ2021 የወጣ የአይጥ ጥናት ከዚህ የባሰ ነገር አሳየ፦ ቁጣው አልፎ ሕብረ ሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ሙሉ በሙሉ የዳነ ከመሰለ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ በክሮማቲኑ፣ ማለትም በዲኤንኤውና በተጠመጠመባቸው ሂስቶኖች፣ ላይ ምልክቱ አልጠፋም። ያኔ ኬራስ ሲነቃ ካንሰሩ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ሕዋሱ የደረሰበትን በሚውቴሽን ሳይሆን በጂኖቹ ክፍትና ዝግ አድርጎ መዝግቦታል። ሥር የሰደደ የቆሽት ቁጣ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ሲጋራ የሚያጤስ፣ ለዚህ ካንሰር የበለጠ የተጋለጠ መሆኑ ከድሮ ይታወቃል።

መድኃኒቶቹ ምን ሆኑ?

ግንድ ሕዋሳትን ለመግደል ታስበው የተሠሩት መድኃኒቶች እስካሁን በቆሽት ካንሰር ላይ አልተሳካላቸውም። ናፓቡካሲን «የግንድነት አጋች» ተብሎ ከ1,100 በላይ ታማሚዎች በተካፈሉበት ሙከራ ውስጥ ከኬሞቴራፒ ጋር ተሰጠ፤ በ2019 ጥቅም እንደማይገኝበት በመሀል ግምገማ ታይቶ ቆመ። በግንድ ሕዋሳት ውስጥ የሚሠራውን ኖች የተባለውን የምልክት መስመር የሚዘጉ ፀረ እንግዳ አካላት ተሞከሩ፤ አልሆነም። ሄጅሆግ የተባለውን መስመር የሚዘጋ መድኃኒት በአይጥ ላይ ተስፋ ሰጥቶ በሰው ላይ ግን ታማሚዎችን ይበልጥ ጎዳና ሙከራው በ2012 ተቋረጠ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ምክንያት መስጠት አይቻልም፤ ነገር ግን ግንድነት ሁኔታ ከሆነ አንድን የምልክት መስመር መዝጋት ሕዋሱን በሌላው መንገድ እንዲገባ ማድረግ ብቻ ነው። ልጥፎቹን የሚለጥፉትንና የሚነቅሉትን ኢንዛይሞች በቀጥታ የሚነኩ መድኃኒቶችም አሉ። አዛሲቲዲን በ2004 ለአንዳንድ የደም በሽታዎች፣ ኢዜድኤች2ን የሚያግደው ታዜሜቶስታት በ2020 ለአንድ ያልተለመደ የሳርኮማ ዓይነት በአሜሪካ ተፈቅደዋል። በቆሽት ካንሰር ግን ከእነዚህ አንዱም የተለመደ ሕክምና አልሆነም። እዚህ ላይ የማስታውሰው አንድ ችግር አለ፦ ልጥፎቹ በጤነኛ ሕዋስም ስለሚሠሩ፣ ዕጢውን ብቻ ለይቶ መንካት ከባድ ነው።

ወደ ሕክምናው እየቀረበ ያለው ሌላ መንገድ ነው፤ ዕጢው አሁን በየትኛው ሁኔታ እንዳለ መለካት። በጂን አነባበባቸው መሠረት የቆሽት ዕጢዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። «ክላሲካል» የሚባሉት ጋታ6 የተባለውን የጽሕፈት ፋክተር በብዛት ያነቡታል፣ የቱቦ ሕዋስ መልካቸውንም እንደያዙ ናቸው። «ቤዛል መሰል» የሚባሉት ጋታ6ን ያጡት፣ ከመነሻቸው የራቁትና የከፉት ናቸው። በካናዳ የተካሄደ ሙከራ ቤዛል መሰል ዕጢ ያለባቸው ታማሚዎች ፎልፊሪኖክስ ለተባለው የአራት መድኃኒት ድብልቅ ያላቸው ምላሽ ደካማ መሆኑን አሳይቷል። ፎልፊሪኖክስ በ2011 ሲታወጅ ለተዛመተ በሽታ አማካይ የመኖሪያ ጊዜን ከ6.8 ወር ወደ 11.1 ወር ያራዘመ ነው፤ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ግራ የሚያጋባው በአንድ ዕጢ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሕዋሳት አብረው መገኘታቸው ነው፤ አንዱም ወደ ሌላው ይለወጣል።

ኬራስን ራሱን ማገድ ለዓመታት የማይቻል ይመስል ነበር። አሁን ተችሏል፤ ዳራክሶንራሲብን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በቆሽት ካንሰር ታማሚዎች ላይ በሰፊው እየተሞከሩ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ምን እንደሚገጥማቸው በ2014 የወጣ የአይጥ ሙከራ አስቀድሞ አሳይቷል። በዚያ ሙከራ ኬራስን በሚጠጡት ውኃ ውስጥ በተጨመረ መድኃኒት ማንቃትና ማስተኛት ይቻል ነበር። ዕጢው ካደገ በኋላ ኬራስ ሲቆም ዕጢው በጥቂት ሳምንታት ተኮማትሮ የጠፋ መሰለ፤ የቀሩት ሕዋሳት ግን የግንድ ሕዋስ ባሕርይ ያላቸው ነበሩ፣ ኬራስ ሲመለስ ዕጢውን እንደገና ገነቡት። ከሌሎቹ ተለይተው በስኳር ማብላላት ሳይሆን በሚቶኮንድሪያ በሚመነጭ ኃይል ላይ የሚመኩ ሆነው ተገኙ፤ ሚቶኮንድሪያውን የሚዘጋ ኬሚካል ሲጨመር የመመለሳቸው ዕድል ቀነሰ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ ኬራስ ከጠፋ በኋላ አንዳንዶቹ ዕጢዎች ያፕ1 የተባለውን የጂን ተቆጣጣሪ አብዝተው ያለ ኬራስ እንደሚያድጉ አሳየ። የኬራስ አጋቾች በሰው ላይ ሲሰጡ የሚተርፉት ሕዋሳት ወደ እነዚህ ሁኔታዎች የሚገቡ ከሆነ፣ ሁለተኛው መድኃኒት አብሮ መሰጠት ያለበት ዕጢው ከተኮማተረና ገና ጥቂት ሕዋሳት ከቀሩበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ምንም በማያሳይበት ወቅት።